ገመድ ጉተታ በነጭ አባይ ዳር

ጁባ፣ ኅዳር 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ ለጋሼ ባልቻ፤

ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ? እትዬ በዛብሽስ ደኅና ናቸው? እግዚአብሔር የናዝሬትን ነፋሻ አየር ለሁለታችሁም በጤና ያድርግላችሁ። እኔ ከዚህ አገር ሙቀት በቀር የሚያስቸግረኝ ነገር የለም፤ ስሙ የተመሰገነ ይሁን።

ስልክ ስደውል "ቁም ነገር በጽሑፍ ነው" ብለው ስለዘጉብኝ ይኸው ጻፍኩ። (ምክንያቱ ጆሮዎ ነው የሚሉት እትዬ በዛብሽ ናቸው፤ እኔ አላልኩም።) የጎረቤታችሁ ልጅ ሀሌሉያ አስተናጋጅ ሆና በጁባ መስመር መብረሯ በጀን፤ ደብዳቤውን እሷ ታደርሳለች።

ጉዳዬ ይህ ነው። ከአራት ወር በፊት የክፍል ኃላፊ መሆኔን ነግሬዎታለሁ። ሥራችን መድኃኒት ከመጋዘን አውጥቶ፣ ጭኖ፣ ገጠር ላሉ ጤና ጣቢያዎች ማድረስ ነው። በሥሬ ስምንት ሰው አለ። የሹፌሮቹ አለቃ ዋኒ የጁባ ተወላጅ ነው፤ ዝምተኛና ሥራ አዋቂ። መጋዘኑን የያዘው ጢሞቴዎስ የጎንደር ልጅ ነው። የጉዞ ፕሮግራም የምታወጣው ዶርቃ የዚሁ አገር ልጅ ሆና አዲስ አበባ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ ይበልጣል። መካኒኩ ማሙሽ ይባላል፤ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፣ በበር ሲገባ ጎንበስ ይላል፣ ግን ማሙሽ ነው። የቀሩት ሁለት ሹፌሮችና ሁለት ጫኞች ናቸው።

እነዚህ ሰዎች ተጣልተዋል። ዋኒና ጢሞቴዎስ ቢሮ ውስጥ አይነጋገሩም። ዶርቃም ከሁለቱም ጋር አትነጋገርም። ባለፈው ወር የተጫነ መኪና አንዱ የአንዱን ፊርማ ሲጠብቅ ሁለት ቀን ግቢ ውስጥ ቆመ። ጤና ጣቢያው ደግሞ መድኃኒቱን ይጠብቃል። ዳይሬክተራችን ሲቆጣ ድምፁን የሚቀንስ ሰው ነው፤ ያን ቀን ልሰማው ወንበሬን ወደ ጠረጴዛው መሳብ ነበረብኝ። "አንድ ቀን ከቢሮ አውጪያቸውና አንድ አድርገሽ መልሺያቸው። እስከ ገና ካልተስተካከለ ክፍሉን አፍርሼ ሰዎቹን ለሌሎች ክፍሎች አከፋፍላለሁ" አለኝ። እኔን ለማን እንደሚያካፍለኝ አልነገረኝም።

ይህንን እዚህ "ቲም ቢልዲንግ" ይሉታል። እርስዎ በዘይት ፋብሪካው የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ሳሉ ስንቱን ሽርሽር እንደመሩ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ነው ያደግኩት። እባክዎ ይምከሩኝ።

ጉልበትዎን እየሳምኩ፣
የእህትዎ ልጅ ሰናይት


ናዝሬት፣ ኅዳር 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለሰናይት፤

እንዴት ከርመሻል? ያገሩ ውሃና ትንኝ አይድፈርሽ፤ በወጣሽበት በሰላም ግቢ። እኛ ደኅና ነን። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ለበዛብሽ፣ አንዴ ደግሞ ለዕድራችን አባል ለአቶ ሠርፀ ሳይጠይቀኝ።

ልጄ፣ በትክክለኛው በር ነው ያንኳኳሽው። ሽርሽር መምራት ጦር ከመምራት አይተናነስም። ሰው ዝም ብሎ ከተለቀቀ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ያማል፣ ይመለሳል። ስለዚህ ደቂቃ ባዶ አትተዪ። ፕሮግራሙን እንደሚከተለው አውጥቼልሻለሁ፤ አንዲት ነጥብ እንዳትቀይሪ።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ይሰብሰቡ፤ ስም ይጠራ። ቁርስ ሃያ ደቂቃ። ቀጥሎ የኃላፊዋ ንግግር፤ ከአንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ማነስ የለበትም፣ ምክንያቱም የሠራተኛ ልብ የሚከፈተው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ ዋናው ነገር ይመጣል፤ ገመድ ጉተታ። የተጣሉትን ፊት ለፊት አቁሚያቸው፤ ሹፌር በአንድ ወገን፣ መጋዘን በሌላው። ቂም በላብ ይወጣል። ምሳ ከዚያ በኋላ ይሁን፤ ሰው ሲርበው እልህ ይኖረዋል። በመጨረሻ የአቋም መግለጫ ይነበብና ይጨበጨብ።

በ1978 ዓ.ም. የፋብሪካውን ሠራተኛ ሶደሬ ወስጄ ያደረግኩት ሽርሽር ይኸው እስከ ዛሬ ይወራል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሽርሽሩ ሲካሄድ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ የእኔን ፕሮግራም በእጅሽ ይዘሽ ሠራተኞቹ ከኋላሽ ቆመው ቢሆን ጥሩ ነው። የዕድራችን የሊቀ መንበር ምርጫ በጥር ነው። እኔና አቶ ሠርፀ ተጠቁመናል። ሰዉ ልምዴን በዓይኑ ቢያይ አይከፋም።

በረከቴ ካንቺ ጋር ይሁን፣
አጎትሽ ባልቻ

ልጄ ሰኒ፣ ፖስታውን የማሽገው እኔ ስለሆንኩ ቦታ አገኘሁ። የሶደሬው ይወራል፤ እሱስ አልዋሸም። — በዛብሽ


ጁባ፣ ኅዳር 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ባልቻ፤

የላኩት ምክር በጥሩ ጊዜ ደርሶኛል፤ እጅዎ አይንጠፍ። እትዬ በዛብሽን ይሳሙልኝ። እሳቸው ከታች የጻፉት ግን አልገባኝም፤ ቢያብራሩልኝ ደስ ይለኛል።

ቀኑን ቆርጫለሁ፤ ታኅሣሥ 6፣ ቅዳሜ። ከከተማ መውጣት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ደግሞ ሁሉም ሰው ቤቱ መግባት አለበት። ስለዚህ እዚሁ ወንዝ ዳር የአንዲት ያገራችን ሴት ምግብ ቤት አለ፤ ማንጎ ዛፎች ያሉበት ሰፊ ሣር አላት። ወንዙ ነጭ አባይ ነው። ዓሣው እዚያው ተይዞ እዚያው ይጠበሳል።

ለሠራተኞቼ ፕሮግራሙን አሳየኋቸው። ዋኒን "ቅዳሜ ይመችሃል?" አልኩት፤ "ማፊ ሙሽኪላ" አለኝ። ጁባ ሲመጡ የመጀመሪያው የሚማሩት ቃል ነው፤ ችግር የለም ማለት ነው። ጢሞቴዎስን "ሁለት ሰዓት አይረፍድም?" አልኩት፤ ማፊ ሙሽኪላ። ማሙሽን ገመድ ታመጣለህ ወይ አልኩት፤ እሱም ማፊ ሙሽኪላ። ዶርቃ ብቻ ፕሮግራሙን ሁለት ጊዜ አንብባ "ንግግሩ አንድ ሰዓት ከአሥር ነው?" አለችኝ። አዎን ስላት መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና እሷም ማፊ ሙሽኪላ አለች። እንዲህ የሚታዘዙ ሰዎች እርስ በርሳቸው እንዴት ሊስማሙ እንዳልቻሉ ይገርመኛል።

ንግግሩን ጽፌዋለሁ፤ አሥራ አንድ ገጽ ሆነ። ርእሱ "አንድ እጅ አያጨበጭብም" ነው። ፎቶውን አልረሳም።

አክባሪዎ ሰናይት


ናዝሬት፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለሰናይት፤

ሰላምና ጤና ካንቺ አይለዩ። አሥራ አንድ ገጽ መጻፍሽ አኮራኝ፤ የእናትሽ እጅ ነው።

ፎቶውን ተዪው። ነገሩ ከፎቶ አልፏል። ባለፈው እሑድ የዕድሩ ስብሰባ ላይ አቶ ሠርፀ ተነሥቶ "ባልቻ ለመሆኑ ምን መርቶ ያውቃል?" አለ። በሰው ፊት። እኔም ዝም ማለት አቃተኝና በጁባ ያለ አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት አማካሪው እንዳደረገኝ ተናገርኩ። ውሸት አይደለም፤ አማክረሽኛል፣ ድርጅቱም ዓለም አቀፍ ነው። ስለዚህ አቶ ባልቻ የድርጅታችን የሽርሽር አማካሪ ናቸው የሚል፣ ቁጥርና ቀን ያለው፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ላኪልኝ። ማኅተሙ ክብ ቢሆን ይመረጣል። ከጥር 19 በፊት መድረስ አለበት፤ ምርጫው ያን ቀን ነው።

በዛብሽ የጻፈችውን ያብራሩልኝ ብለሽ ነበር። እሷ አንዳንዴ ትቀልዳለች።

አጎትሽ ባልቻ

ልጄ፣ ገመዱን ተዪው። ምክንያቱን እሱ ራሱ ይንገርሽ ብዬ ነበር የጠበቅኩት፤ እንዳየሽው አልነገረሽም። ግን ተዪው። — በዛብሽ


ጁባ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አጎቴ ለጋሼ ባልቻ፤

በያላችሁበት ሰላማችሁ ይብዛ። የታኅሣሥ 3 ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሽርሽሩ ካለፈ በኋላ ሰኞ ዕለት ነው። ሀሌሉያ በሌላ መስመር ተመድባ ስለነበር ደብዳቤው በቦርሳዋ ውስጥ ሌላ አገር ዞሮ ነው የመጣው። እትዬ በዛብሽ ገመዱን ተዪው ያሉትን ሳነብ የመዳፌ ልጣጭ ገና አልዳነም ነበር። የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ልንገርዎ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ሁሉም ተገኙ። ስም ጠራሁ። ዘጠኝ ሰው ሆነን፣ ሁላችንም እየተያየን፣ ስም ጠራሁ። ቁርሱ ሃያ ደቂቃ ነበር፤ ሻዩ ግን ስለሚያቃጥል ግማሹ ሳይጠጣ ቀረ። ከዚያ ንግግሬን ጀመርኩ።

ጋሼ፣ ልብ የሚከፈተው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው ብለውኝ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ የተከፈተው የአንደኛው ጫኝ አፍ ነው፤ ማንኮራፋት ጀመረ። ሰባተኛውን ገጽ ነፋስ ወስዶ ወንዙ ላይ ጣለው። ከስድስተኛው ወደ ስምንተኛው ዘልዬ ቀጠልኩ፤ የጎደለውን ያስተዋለ አንድም ሰው አልነበረም፣ እኔም ጭምር። ስጨርስ ዋኒ አጨበጨበ፤ እሱን አይተው ሁሉም አጨበጨቡ።

ገመዱ መጣ። ማሙሽ ያመጣው የተበላሸ መኪና የሚጎተትበትን ነው፤ ክንድ ያህል ይወፍራል፣ ግራሶ ይሸታል። ሣሩ ላይ ዘረጋው። እኔ እንዳዘዙኝ ሹፌሮች በግራ፣ መጋዘን በቀኝ አልኩ። ዋኒ ሄዶ የግራውን ጫፍ ያዘ። ጢሞቴዎስ ተነሣ። ወደ ቀኙ ጫፍ የሚሄድ መስሎኝ ነበር፤ አልፎ ሄዶ ከዋኒ ኋላ ቆመና ገመዱን ያዘ። ቀጥሎ ሁለቱ ጫኞች፣ ከዚያ ሹፌሮቹ፣ ከዚያ ዶርቃ ጫማዋን አውልቃ። መጨረሻ ላይ ማሙሽ እንደ መልህቅ ከሁሉም ኋላ ተተከለ። ስምንቱም በአንድ ወገን ሆኑ። የቀኙ ጫፍ ሣሩ ላይ ብቻውን ተኝቷል።

ያልገባቸው መስሎኝ ደግሜ አስረዳሁ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። "ታዲያ ይህኛውን ማን ሊይዘው ነው?" አልኩ።

ዋኒ ድምፁን ሳያነሣ፣ በትሕትና፣ "ማዳም፣ እሱ የአንቺ ነው" አለኝ።

ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፤ ጎንበስ ብዬ አነሣሁት። አልጎተቱኝም። እኔ ግን ከእፍረቴ የተነሣ ጎተትኩ፤ ገመዱ መዳፌን ላጠው እንጂ ስንዝር ንቅንቅ አላለም። ዶርቃ ገመዱን ለቅቃ ወደ እኔ መጣችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በአማርኛ ነገረችኝ።

"ሰናይት፣ እኛ አልተጣላንም። የፈራነው አንቺን ነው።"

ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሁሉም መጥተው ዙሪያዬን ተቀመጡ። የቀረውን ፕሮግራም አጥፌ ከእግሬ ሥር አደረግኩትና ንገሩኝ አልኳቸው። ማሙሽ "እውነቱን?" አለ። አዎን እውነቱን አልኩት። ከዚያ በኋላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ዝም ያለ ሰው አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኃላፊ በሆንኩ በሁለተኛው ሳምንት ሦስት ፊርማ ያለበት የመጫኛ ፎርም አወጣሁ። ሥርዓት ለማስያዝ ብዬ ነው። ከዚያ ጥቂት ቆይቶ አንድ መኪና በአንድ ቀን ዘገየ። ፎርሙ ላይ መጀመሪያ የፈረመው ዋኒ ስለነበር የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፍኩበት። ምን ሆነህ ነው ብዬ አልጠየቅኩትም። መኪናውን ያዘገየው ዝናብ ነበር፤ መንገዱ ተቆርጦ ነበር። ኃላፊነቴ አዲስ ስለሆነ ጠንካራ መስዬ መታየት ፈልጌ ነው፤ ለእርስዎ አልዋሽም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጀመሪያ የፈረመ ሰው እንደሚቀጣ ሁሉም ተረዳ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈርም ጠፋ። ዋኒ ጢሞቴዎስን ይጠብቃል፣ ጢሞቴዎስ ዋኒን፣ ዶርቃ ሁለቱን። ቢሮ ውስጥ የማይነጋገሩትም "ዕቃው ዝግጁ ነው" የሚል ቃል ከሰማሁ ፈርሙ ስለምል ነው። ምሳ ሰዓት ሲሆን ሙኑኪ ሰፈር ወርደው ስምንቱም ከአንድ ትሪ ፉል እየበሉ ሲስቁ ይውላሉ። አራት ወር ሙሉ! እኔ ቢሮዬ ተቀምጬ እንዴት ላስታርቃቸው እያልኩ ስጨነቅ።

ለምን አልነገራችሁኝም አልኳቸው። ጢሞቴዎስ "መች ጠየቅሽን? አንቺ የምትጠይቂን ሁሉ 'ማፊ ሙሽኪላ' ተብሎ የሚመለስ ነው" አለኝ።

የከበደኝ ግን የዋኒ ነገር ነው። የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ ቤቱ ይዞት ሲገባ ሚስቱ አየችው። እሷ እንግሊዝኛ አታነብም። ባለ ማኅተም ወረቀት ስታይ ደነገጠች፤ እሱም እንዳትጨነቅ ብሎ የምስጋና ወረቀት ነው አላት። በማግሥቱ መስታወት አስገብታ ሳሎን ሰቀለችው። እንግዳ ሲመጣ ታሳያለች። አሁን የሚያስጨንቀው ትልቋ ልጁ ሦስተኛ ክፍል ገብታ እንግሊዝኛ ማንበብ መጀመሯ ነው። ይህን ሲነግረን ሌሎቹ ሁሉ ያውቁት ነበር፤ ማንም ግን አልሳቀም። እኔ ይቅርታ ጠየቅኩት። ቀና ብሎ አየኝና "ካላስ" አለ። አለቀ ማለት ነው።

ዓሣው በርዶ ነበር፤ እንዲያውም ጣፈጠን። ፎርሙን እዚያው ሣር ላይ ወደ አንድ ፊርማ አወረድነው። ሰኞ የተጫነው መኪና ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከግቢ ወጣ። ለዳይሬክተሩ ሪፖርቴን ጽፌ ሰጥቻለሁ፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነም አልደበቅኩም። መልሱን እየጠበቅኩ ነው። እንቅልፍ የለኝም።

ስለ ማኅተሙ፣ ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ አልላክሁም። ሳልጠይቅና ሳላጣራ ማኅተም የመታሁበት አንድ ወረቀት ምን እንዳደረገ አይቻለሁ።

የሶደሬውን እውነት ግን እርስዎ ቢነግሩኝ እወዳለሁ።

አክባሪዎ ሰናይት


ናዝሬት፣ ጥር 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለሰናይት፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ብዙ ዘገየሁብሽ። ሀሌሉያ ሁለት ጊዜ መጥታ "የሚላክ አለ?" ብላኝ የለም ብያታለሁ። ደብዳቤሽን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነበብኩት። ለአቶ ሠርፀ አላነበብኩለትም።

የሶደሬው ይህ ነው። በ1978 መጭመቂያ ክፍልና ማሸጊያ ክፍል በዓመት ፈቃድ ተራ ተጣልተው ነበር። እኔ የሠላሳ ዓመት ጎረምሳ ነኝ፣ ክራቫት አስሬያለሁ። የአንድ ሰዓት ተኩል ንግግር አደረግኩ። ከዚያ በመዋኛው ገንዳ ዳር ገመድ አስያዝኳቸው። መጭመቂያዎቹ ጉልበተኞች ናቸው፤ እያሸነፉ ሳለ ተጠቃቅሰው በአንድ ጊዜ ለቀቁት። ማሸጊያዎቹ በሙሉ ከነልብሳቸው ገንዳው ውስጥ ገቡ። የፈረቃ መሪያቸው የትከሻው አጥንት ተሰበረ። የቀሩት ከመጭመቂያዎቹ ጋር በአንድ አውቶቡስ አንሄድም ብለው እየተንጠባጠቡ በእግራቸው አስፋልት ድረስ ሄዱ። በሁለተኛው ሳምንት እኔ ከአስተዳደር ተነሥቼ የመለዋወጫ መጋዘን ጠባቂ ተደረግኩ፤ ጡረታ የወጣሁት ከዚያው ነው። በሕይወቴ የመራሁት ሽርሽር ያ ብቻ ነው። ላንቺ የላክሁት ፕሮግራም እሱኑ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ስለ ራሴ ስናገር ስለኖርኩ ፕሮግራሙ ጥሩ እንደነበር አምኜው ኖሬያለሁ።

ጥር 19 ምርጫው ተደረገ። ተራዬ ሲደርስ ልምዴን ለመናገር ተነሣሁ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ አፌ ይህንኑ ተናገረ። ለካ ከፋብሪካው ጡረታ የወጡ ሦስት ሰዎች እዚያ ተቀምጠዋል፤ ከመካከላቸው አንዱ ገንዳው ውስጥ ነበር። ሰው ሳቀ። ብዙ ሳቀ። የድንኳን ምሰሶ ይዞ የሳቀም አለ። ሳቁ ሲበርድ፣ እንዳንቺ ልሞክር ብዬ፣ "በእኔ ላይ ቅር ያላችሁ ነገር ካለ ንገሩኝ፤ እጽፋለሁ" አልኩ። መናገር የጀመሩት ከሦስት ሰዓት ነው፤ ምሳ ሰዓት አለፈ። አርባ አንድ ነጥብ ጻፍኩ። ሰባት ቁጥር ላይ ለመመለስ አፌን ከፍቼ ነበር፤ በዛብሽ ከሴቶቹ ረድፍ አየችኝ፣ ዘጋሁት።

አቶ ሠርፀ በሰፊ ድምፅ ተመረጠ። እኔ ዘጠኝ ድምፅ አገኘሁ፤ ከዘጠኙ አንዱ የራሴ ነው። ከዚያ ሠርፀ ራሱ ተነሥቶ ባልቻ ጸሐፊ ይሁንልን፣ ዛሬ ሲሰማና ሲጽፍ አይተነዋል አለ። ጸሐፊ ሆኛለሁ። ማኅተሙ የሚቀመጠው ጸሐፊው ዘንድ ነው፤ ክብ ነው።

የዳይሬክተርሽን መልስ ጻፊልኝ። የሚላክ ነገር አልፈልግም።

አጎትሽ ባልቻ


ጁባ፣ ጥር 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለዕድሩ ጸሐፊ ለጋሼ ባልቻ፤

እንኳን ደስ ያለዎ። ደብዳቤዎን ዶርቃ ከጎኔ ቆማ ሳነብ የገንዳው ቦታ ላይ ስደርስ ወንበር ያዘች። ቅር እንደማይልዎ ተስፋ አለኝ።

ዳይሬክተሩ ክፍሉን አላፈረሰም። የእኔን ኃላፊነት ግን ለስድስት ወር በሙከራ አድርጎታል። ይገባኛል። ሪፖርቴን ለሌሎች የክፍል ኃላፊዎች አስነብቦ እናንተስ ሠራተኞቻችሁን ጠይቃችኋል ወይ ብሏቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ኃላፊዎቹ በኮሪደር ሲያገኙኝ ሰላምታቸው ቀዝቅዟል።

ባለፈው እሑድ ጁባ ና ባሪ የሚባለው ሰፈር ዋኒ ቤት ሄድኩ። ማስጠንቀቂያውን ከፋይሉ አንሥቼ እውነተኛ የምስጋና ደብዳቤ ጻፍኩለትና በዚያው መጠን መስታወት አስገባሁት። ለሚስቱ ቢሮው ወረቀቱን አድሷል አልናት። ሻይና ለውዝ አቀረበች፤ ደስ ብሏት አሮጌውን አውርዳ አዲሱን ሰቀለች። ልጂቱን ለእንግዳ አንብቢ አለቻት። ልጅቷ ወንበር ላይ ቆማ ጣቷን እያስኬደች፣ አንዲት ቃል ሳታሳስት፣ እስከ ስሜ ድረስ አነበበችው። ዋኒ መስኮቱን ያይ ነበር።

ስወጣ ልጅቷ እስከ አጥሩ በር ሸኘችኝ። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ፣ "ያኛውንም አንብቤው ነበር" አለችኝ። ለማን እንደነገረች ጠየቅኳት። "ለማንም" አለችና ሮጣ ተመለሰች።

እኔም ለዋኒ አልነገርኩትም። ለእርስዎ ብቻ ነው።

ሰናይት


ናዝሬት፣ የካቲት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰኒ፤

ሰላም ነሽ ወይ የእኔ ዓለም? በሄድሽበት ሰው አይጥፋብሽ። ዛሬ ከሱ ጽሑፍ ሥር መለጠፍ ትቼ ሙሉ ወረቀት ይዣለሁ፤ እሱ ሥራ ላይ ስለሆነ ነው። ሥራው ምን እንደሆነ ልንገርሽ።

የዋኒን ልጅ ነገር ካነበበ በኋላ ሁለት ቀን ዝም አለ። ባልቻ ሁለት ቀን ዝም ሲል የጤና ጣቢያ ሰው ልጠራ ነበር። በሦስተኛው ቀን ቁርስ ላይ የዕድሩን ደብተር አውጥቶ አዲስ ገጽ ገለጠና "በዛብሽ፣ አንቺስ በእኔ ላይ ቅር ያለሽ ነገር አለ?" አለኝ።

ልጄ፣ አንድ ያልነገረሽ ነገር አለ። እኔም ገንዳው ውስጥ ነበርኩ። ማሸጊያ ክፍል ነበርኩ፤ ያኔ አላገባኝም ነበር። በማግሥቱ ይቅርታ ሊጠይቀኝ ቤታችን መጣ። ይቅርታውን በአንድ ቃል ብሎ ጨረሰና ፕሮግራሙ ለምን ትክክል እንደነበር ሁለት ሰዓት አስረዳኝ። አባቴ አንቀላፋ። እኔ ያገባሁት ሲያረጅ ይተወዋል ብዬ ነው።

ስለዚህ "አለ" አልኩት። ከ1979 ጀመርኩ። የሠርጋችንን ዕለት ብቻ አንድ ጠዋት ፈጀን፤ ሙሽራ ሆኜ ቆሜ ያደረገውን ንግግር እኔ ነኝ የማውቀው። ትናንት 1986 ላይ ደርሰናል። በቀን ሁለት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ እጁ ይደክማል። ምርጫው ላይ ድምፄን ለማን እንደሰጠሁም ጠየቀኝ። ለሠርፀ አልኩት። ጻፈው።

የሚገርመኝ አለመመለሱ ነው። ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ፣ ውሃ ይጠጣል፣ ይጽፋል። አንዳንዴ ብቻ ቀና ብሎ "ይህንን ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?" ይለኛል።

"መቼ ፋታ ሰጥተኸኝ?" እለዋለሁ።

ይህንንም ይጽፈዋል።

የምወድሽ በዛብሽ